ፊልሙ ይቅር፤ ጠባቂነቱ ግን አይቅር

ሰው በእጁ የሠራው መሣሪያ ሁሉ ዘመን አለው፤ ዘመኑም ሲፈጸም ቦታውን ለሌላው ይለቃል። በቅሎ ለአውቶሞቢል፥ የእጅ ጽሕፈት ለማተሚያ መኪና ቦታውን እንደ ለቀቀ ሁሉ፥ የፊልም ካሜራም ዲጂታል ለሚባለው ካሜራ ቦታውን ለቋል። ይህም በአዲስ አበባ ብቻ የሆነ አይደለም፤ በአሶሳም፥ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚያመራው አገር በምትገኘው በሆሞሻም ሆኗል። ዛሬ በዚህ ሙያ የሚተዳደር ሰው ፊልም ገዝቶ፥ አንሥቶ፥ አጥቦና አትሞ ልጆቹን ሊያሳድግ አይችልም። ስለዚህ ካሜራውን ለውጧል፤ በመለወጡም የሚወቅሰው ሰው ቢኖር ወቀሳው ፍርድ የጐደለው ነው።

ነገር ግን ባለሙያው ፊልሙን በተወ ጊዜ ከፊልሙ ጋራ አብሮ የተወው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ያነሣውን ሥዕል የመጠበቅ ሥራ ነው። እኛም ዛሬ የምንከራከረው ስለዚሁ ነው። ክርክራችንም ከፎቶግራፍ አንሺው ጋራ ብቻ አይደለም፤ ሥዕሉን ከሚያስነሡት ከቤተ ሰቦች፥ ጥበቃን ከጥንት ጀምረው ከሚያውቁት ከካህናት፥ ስለ ቅርስ እናስባለን ከሚሉት መሥሪያ ቤቶችም ጋራ ነው።

ነገሩን ከራሴ ቤት ልጀምር። በሆሞሻ በመምህርነት ሳገለግል ሴት ልጅ ተወለደችልኝ፤ በሰማንያ ቀኗም ክርስትና ለማስነሣት ወደ አሶሳ ይዘናት ሄድን። እናቴ ከደሴ ድረስ መጥታ ነበርና ሕፃኒቱን ታቅፋ በቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ ሥር ቆመች። በገንዘብ የጠራነው ባለሙያም በዲጂታል ካሜራው ከመቶ የሚበልጥ ሥዕል አነሣ፤ ሁሉንም በትንሽ ፍላሽ አድርጎ ሰጠን፤ እኛም ወደ ስልካችን ገለበጥነውና ደስ ብሎን ተለያየን። አንዱንም በወረቀት አላሳተምነውም፤ ምነው ቢሉ፥ ሁሉ ጊዜ በእጃችን ያለ መስሎን ነበር።

በዓመቱ እናቴ ዐረፈች። ለዐርባዋ ሥዕሏን ስንፈልግ ስልኩ ተሰብሮ ተጥሎ ነበር፤ ፍላሹም ቢከቱት አልከፈት አለ። ወደ ባለሙያው ሄጄ ብጠይቀው፥ «መምህር፥ ካርዱ ስለ ሞላብኝ ደምስሼዋለሁ፤ ካስረከብሁ በኋላ መጠበቅ የናንተ ነው» ሲል በትሕትና መለሰልኝ። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተዋዋለውንም ፈጽሟል። እኔም የምከስበት ነገር አጥቼ ወጣሁ፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የኔም ነበርና። ልጄ ዛሬ አያቷ እንደ ታቀፈቻት በቃል ትሰማለች እንጂ ልታየው አትችልም።

በዚያው ቤት ግን ሌላ ሥዕል አለ። የእናቴና የአባቴ የሠርግ ፎቶግራፍ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነው። በጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተም ተመትቶበታል፤ ከማኅተሙም በታች በእጅ የተጻፈ ቍጥር አለ። የመጀመሪያው ቅጅ ጣራው አፍስሶ ዝናብ ስላበላሸው አባቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ቍጥሩን ይዞ ወደዚያው ፎቶ ቤት ሄደ፤ ባለቤቱም ከሣጥኑ ውስጥ ኔጋቲቩን ፈልጎ ሁለተኛ አተመለት። ዛሬ በግድግዳችን ላይ የተሰቀለው ይኸው ሁለተኛው ነው።

አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ሁለቱን አስተያያቸው። ከመቶ ሥዕል አንድ ሳይቀር ጠፋ፤ ከአንዱ ሥዕል ግን ሁለት ተገኘ። ልዩነቱን ያመጣው ምንድር ነው?

አንዳንድ ሰዎች ልዩነቱን ያመጣው ፊልሙ ራሱ ነው ይላሉ። እነዚህ ሰዎች የድሮውን ሁሉ የሚያመሰግኑ ናቸው፤ ፊልም እውነተኛ ነው፥ ዲጂታል ሐሰተኛ ነው፥ ፊልም ዘላለማዊ ነው፥ ዲጂታል እንደ ጢስ ነው ይላሉ። እኛ ግን ከነርሱ ጋራ አንስማማም፤ ፊልምን እነርሱ እንደሚሉት ያህል ጻድቅ አድርገን ልናየው አንችልምና።

በመጀመሪያ ስለ እውነተኛነቱ። የድሮ ፎቶ ቤቶች በኔጋቲቭ ላይ በእርሳስና በብሩሽ እየሠሩ የፊትን ጠባሳ ያጠፉ፥ የጐደለውን ቅንድብ ይሞሉ፥ ጥቁርና ነጩንም ሥዕል በእጅ ቀለም ይቀቡ እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። ሐሰት የሚገባው በሠሪው ልብ እንጂ በመሣሪያው አይደለም።

ቀጥሎም ስለ ዘላለማዊነቱ። እ. ኤ. አ. ከ1889 ጀምሮ ይሸጥ የነበረው የመጀመሪያው ተጣጣፊ ፊልም ናይትሬት ከሚባል ነገር የተሠራ ስለ ነበረ በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ፥ ሲያረጅም ወደ ዱቄትነት የሚለወጥ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው አሴቴት የሚባለው ፊልምም ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው እንደ ኮምጣጤ እየሸተተ ይኰማተራል። የቀለም ፊልም ደግሞ ቀለሙ በጊዜ ብዛት ይለቃል። ስለዚህ ፊልም ራሱን የሚጠብቅ ነገር አይደለም፤ ጠባቂ ሲያገኝ ይኖራል፥ ጠባቂ ሲያጣ ይጠፋል።

ሦስተኛም ስለ ድካሙ። ፊልም ማለት የብር ጨው ያለበት ስስ ንጣፍ ነው፤ ብርሃን ሲነካው በዐይን የማይታይ ምልክት ይቀበላል፤ ምልክቱም እንዲገለጥ በጨለማ ክፍል ውስጥ በመድኀኒት ይታጠባል፤ ከዚያም ብርሃን ዳግመኛ እንዳያበላሸው በሌላ መድኀኒት ይጸናል። ጥቁርና ነጩን ለማጠብ መድኀኒቱ ሃያ ዲግሪ ያህል ሙቀት ቢኖረው ይበጃል፤ የቀለሙ ፊልም ግን ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ያህል፥ ከዚያም ከፍና ዝቅ የማይል ሙቀት ይፈልጋል። በሆሞሻ ሙቀትና በክረምቱ እርጥበት፥ ንጹሕ ውሃ እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ፥ ይህን ሁሉ መፈጸም ቀላል አልነበረም። በአቅራቢያ ሊታጠብ ያልቻለው ፊልም ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ እስከ አዲስ አበባ መላክ ነበረበት፤ ያም ሆኖ ጥቅሉ ከሠላሳ ስድስት ሥዕል አያልፍም፤ ካሜራው ባልሆነ ጊዜ ከተከፈተም ፊልሙ ይቃጠላል፥ የሙሽሮቹም ቀን አይመለስም። ይህን ቀንበር የተሸከመ ሰው ቀንበሩን ቢያወርድ ምን ይወቀሳል?

ደግሞም በዚህ ነገር የሆሞሻውን ባለሙያ ብቻ ለይተን ልናየው አይገባም፤ ፊልምን ለዓለም ሲሸጥ የኖረው ታላቁ ኩባንያ እንኳ ከለውጡ ሊያመልጥ አልቻለም። የመጀመሪያውን በእጅ የሚያዝ ዲጂታል ካሜራ እ. ኤ. አ. በ1975 የሠራው የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ነበር። ያ ካሜራ 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ አንዱን ሥዕል በ10,000 ነጥቦች ከፋፍሎ በካሴት ክር ላይ ለመጻፍም 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ኩባንያው ግን የፊልሙን ገበያ እንዳይጎዳበት ፈርቶ ከራሱ ቤት የተወለደውን ልጅ ሳያሳድገው ቀረ፤ ሌሎችም አሳደጉት። በመጨረሻም ጥር 10 ቀን 2004 ዓ.ም.፥ እኛ ታቦታቱን ይዘን ለከተራ ስንወርድ፥ ኮዳክ መክሰሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ። ኋላ ከክሳራው ወጥቶ ዛሬም ፊልም ይሠራል፤ ፊልም የሚወዱ ሰዎችም በዓለም ላይ አልጠፉም። ዳሩ ግን የብዙኃኑ እንጀራ ከፊልም ላይ ተነሥቷል፤ ይህን የሚመልስ የለም።

እንግዲህ የድሮውን አመስጋኞች በዚህ እንለያቸዋለን። ከነርሱ በባሰ የሚጎዱን ግን ሁለተኞቹ፥ የአዲሱ አመስጋኞች ናቸው። እነርሱም እንዲህ ይላሉ፦ ዲጂታል ሥዕል አያረጅም፥ አይደበዝዝም፥ አይቀደድም፤ ሺህ ጊዜ ቢገለበጥም ሺሁም አንድ ነው፤ በስልክ አለ፥ ካስፈለገም «ደመና» ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ማሳተምም፥ ቍጥር መስጠትም፥ ሣጥን ማበጀትም የድሮ ሰው ሥራ ነው ይላሉ።

ይህ አነጋገር ግማሹ እውነት ስለ ሆነ አደጋው ብዙ ነው። ዲጂታል ሥዕል በእውነት ሳይለወጥ ሊገለበጥ ይችላል። ይችላል ማለት ግን ተገልብጧል ማለት አይደለም። ዲጂታል ሥዕል ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ፥ ኤሌክትሪክም ወደ ቍጥር ተለውጦ የተጻፈ ዝርዝር ነው፤ ያን ዝርዝር የሚያነብለት መሣሪያ ከሌለ ለሰው ዐይን ምንም ማለት አይደለም። የደበዘዘ ፎቶግራፍ ቢደበዝዝም የእናትን ፊት ያሳያል፤ የተበላሸ ፍላሽ ግን የሚያሳየው ጥቂት እንኳ የለውም። ፎቶግራፉ እያረጀ መሆኑን አስቀድሞ ይነግረናል፤ ፍላሹ ግን በጠፋበት ቀን ብቻ መጥፋቱን ያስታውቃል።

ስለ «ደመና»ም ቢሆን ስሙ ከሰማይ ያለ አስመሰለው እንጂ ነገሩ በምድር ነው፤ በሌላ አገር፥ በሌላ ሰው ቤት የተቀመጠ መሣሪያ ነው። ባለቤቱም የራሱ ሥርዓት አለው። ማይስፔስ የተባለው ድርጅት እ. ኤ. አ. በ2019 ዕቃውን ከአንድ መሣሪያ ወደ ሌላ ሲያዛውር ሰዎች ለብዙ ዓመታት ያስቀመጡበት ዜማና ሥዕል እንደ ጠፋ አስታውቋል። ጉግል የተባለው ኩባንያም ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ አካውንት ከነዕቃው ሊሰረዝ እንደሚችል አስታውቆ እ. ኤ. አ. ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። እስቲ እናስብ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አካውንቱን ሳይከፍት የሚቈይ ማን ነው? የሞተ ሰው ነው፤ የታሰረ ሰው ነው፤ መስመርና መብራት በሌለበት የሚኖር ስደተኛ ነው። ሥዕሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለነዚህ ወገኖች ሆኖ ሳለ፥ ሥርዓቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሰናብተው እነርሱኑ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው ፊልሙም ዲጂታሉም ካልሆነ ምንድር ነው? ይህን ለማወቅ በአሶሳ ለብዙ ዘመን በፊልም የሠሩ፥ በገበያ ቀንም እስከ ሆሞሻ እየወረዱ ሰውን ሲያነሡ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድሁ።

«ጋሼ፥ ኔጋቲቩን ሁሉ ለምን ያስቀምጡት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «መምህር፥ ሰው ተመልሶ ይመጣል ብዬ ነዋ» አሉኝ። «እያንዳንዱ ቍጥር እንጀራዬ ነበር። ዛሬ ሁለት ጉርድ ያሳተመ ሰው ከዓመት በኋላ ሁለት ይጨምራል። ባል ቢሞት ሚስት ትመጣለች፤ እናት ብትሞት ልጅ ይመጣል። ሣጥኑን ብጥል ነገዬን መጣሌ ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ማን ተመልሶ ይመጣል? ሁሉም በስልኩ አለው።»

ጓዳቸውንም ከፍተው አሳዩኝ። ኔጋቲቩ በካርቶን ታስሮ ከቆርቆሮው ጣራ ሥር ተቀምጧል፤ በበጋ ይግላል፥ በክረምት ይረጥባል። መዝገቡም አብሮ አለ፤ በእጅ የተጻፈ ቍጥር፥ ስም፥ ቀን፥ ቦታ።

በዚህ ሽማግሌ ቃል ውስጥ የጥያቄያችን መልስ ሁሉ ይገኛል። ፊልም ሥዕልን የጠበቀው ከዲጂታል ይልቅ የጸና ስለ ሆነ አልነበረም፤ ባለሙያውን ጠባቂ እንዲሆን ያስገደደው ስለ ሆነ ነበር። ያለ ኔጋቲቭ ማተም አይቻልም፤ ስለዚህ ኔጋቲቩን አስቀመጠ። ያለ ቍጥር ኔጋቲቩን ማግኘት አይቻልም፤ ስለዚህ ቍጥር ጻፈ። ሳያትም ገንዘብ አያገኝም፤ ስለዚህ ሁሉን አተመ፤ የታተመውም ወደ ቤተ ሰቡ ገባ። እንደዚህ አንዱ ሥዕል በሁለት ቤት፥ በሁለት መልክ ይኖር ነበር፤ አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው ይቀራል። ይህን ማንም ሰው በሕግ አላዘዘውም፤ የሥራው ጠባይ አዘዘው።

ዲጂታል ካሜራ ግን ይህን ግዴታ አነሣ። ማተም ግድ አይደለም፤ ቍጥሩን ካሜራው በራሱ ይሰጣል፥ ስም ግን አይሰጥም፤ ካርዱ ሲሞላ ደግሞ ደምስሰህ እንደ ገና አንሣ ይላል። ግዴታ በተነሣበት ቦታ ፈቃድ መተካት ነበረበት፤ አልተተካም። ጥፋቱ ይህ ነው። ባለሙያዎቻችን የመሣሪያውን ነጻነት ወሰዱ፤ ከነጻነቱ ጋራ የሚመጣውን ኀላፊነት ግን ማንም ሳይወስደው በመንገድ ላይ ወድቆ ቀረ።

ይህ ሊሆን የማይችል ነገር ነው የሚለን ቢኖር ከራሳችን ቤት ምስክር እናመጣለን። ቤተ ክርስቲያናችን መሣሪያን ለውጣ ጥበቃን ያልጣለች ናት። ዛሬ በብዙ አድባራት የሚቀደሰውና የሚነበበው በማተሚያ ቤት በታተመ መጽሐፍ ነው፤ ሆኖም ብራናው አልተጣለም፤ በዕቃ ቤት ተቀምጧል፥ ጠባቂም ተሹሞለታል። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያለው ወንጌል ብራናው ተመርምሮ እ. ኤ. አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን መካከል እንደ ተዘጋጀ ተገምቷል። ይህን ያህል ዘመን ያቈየው የፍየል ቆዳ ብርታት ብቻ ነውን? በዚያው ዘመን የተጻፉ ስንቱ ብራናዎች ጠፍተዋል! አንዱ መነኵሴ ለሌላው መነኵሴ እያስረከበ ስለ ጠበቀው ነው።

ከዚህም የቀረበ ሌላ ምስክር አለ። እ. ኤ. አ. በ1973 ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤቱ፥ የኢትዮጵያ መንግሥትና በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ በኮሌጅቪል ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተባብረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። ሥራው በቆየባቸው ዓመታት 9,000 ያህል ብራናዎች ተነሡ፤ ፊልሙም በአዲስ አበባና በኮሌጅቪል፥ በሁለት ቦታ ተቀመጠ። ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እ. ኤ. አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ዕድሜያቸውን ለነዚህ መጻሕፍት ዝርዝርና ጥናት ሰጡ። ዛሬ ያው ፊልም ወደ ዲጂታል ተገልብጦ ተመራማሪው በሩቅ ሆኖ ያነበዋል። ልብ በሉ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ብራናም፥ ፊልምም፥ ዲጂታልም አለ፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው አልተጣለም፤ ቍጥር ተሰጥቷል፥ ዝርዝር ተጽፏል፥ ሁለት ቦታ ተቀምጧል። ይህን ለብራና ያደረግን ሰዎች ለእናቶቻችን ፊት ለማድረግ ምን ያቅተናል?

«የሆሞሻ ሰው ፎቶግራፍ ከገሪማ ወንጌል ጋራ ምን አገናኘው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም እንዲህ ብለን እንመልሳለን። ቅዱሱን ከዓለማዊው ጋራ አላስተካከልንም፤ የጥበቃውን ሥርዓት ግን አንዱን ከሌላው ሊማር ይገባዋል እንላለን። ደግሞም የዚህ አገር ሥዕል ነገር ከሌላው ይልቅ ያስጨንቃል። የቤኒሻንጉልን ምድር ለአውሮፓ አንባቢ በሥዕል ያሳየ ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ ነበር፤ እ. ኤ. አ. በ1821 እና በ1822 ወርቅና ባሪያ ከሚፈልገው ከግብፅ ሠራዊት ጋራ ተጕዞ ያየውን በፓሪስ አሳተመ። እ. ኤ. አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምትም የጦሩ መሐንዲሶች ፎቶግራፍ እያነሡ መጡ፤ ሥዕሎቹም ዛሬ በእንግሊዝ አገር ይገኛሉ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ፥ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን ወርሰው፥ የነገሥታቱንና የመኳንንቱን መልክ አቈዩልን። ከአሶሳ ማዶ ያለውን ተራውን ሕዝብ ግን ማን አነሣው? በራሱ ፈቃድ፥ በራሱ ገንዘብ፥ በራሱ የበዓል ልብስ ሆኖ፥ ሊታይ እንደ ወደደ ያነሣው ያ የገበያ ቀን ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ከዘመቻና ከጥናት ውጭ የሆነ፥ ሕዝቡ ራሱ የመረጠው መልኩ ያለው ከቆርቆሮ ጣራ ሥር በተቀመጠው ካርቶን ውስጥ ነው።

በዚያም ካርቶን ውስጥ የእኛ ብቻ አይደለም ያለው። የሆሞሻ ሕዝብ አብዛኛው በርታ ነው፥ ሃይማኖቱም እስልምና ነው። የዒድ በዓላቸው፥ ሠርጋቸው፥ ከመካ የተመለሱ ሽማግሎቻቸው ከኛ ጥምቀትና ክርስትና ጋራ በአንድ መዝገብ ተራ በተራ ተጽፈዋል። ጐረቤትነታችንን የሚመሰክር ከዚህ የበለጠ መዝገብ ከወዴት እናመጣለን?

ስደተኞችንም አንርሳ። በሆሞሻ ወረዳ የሸርቆሌ የስደተኞች ሰፈር እ. ኤ. አ. በ1997፥ የጾሬውም በ2015 ተከፍተዋል፤ በሱዳን እንደ ገና ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም ድንበሩን የተሻገረው ወገን ብዙ ነው። ቤቱን ትቶ የሸሸ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያሳትመው ኔጋቲቭ የለውም፤ ያለው በኪሱ የያዘው ብቻ ነው። በጉያው ያለች አንዲት የወረቀት ፎቶግራፍ ባትሪ አትጠይቅም፥ የይለፍ ቃል አትጠይቅም። እነርሱን አይቶ ስለ ራሱ የማይማር ሰው፥ መከራ በሌላው ላይ ብቻ የሚወርድ የሚመስለው ሰው ነው።

ባለሙያዎቹ ግን የሚያቀርቡት መከራከሪያ አላቸው፤ ልንሰማቸው ይገባል። «ወረቀትና ቀለም ተወድዷል፤ ደንበኛው ማሳተም አይፈልግም፤ ሥዕሉም በዝቷል፥ አንድ ሠርግ ሺህ ሥዕል ነው፥ ይህን ሁሉ በምን አስቀምጠዋለሁ?» ይላሉ። ሺሁን አስቀምጥ ያለ የለም። የፊልሙ ባለሙያ ሠላሳ ስድስት ብቻ ስለ ነበረው ሳያነሣ በፊት ይመርጥ ነበር፤ የዛሬውም ካነሣ በኋላ ይምረጥ። መምረጥ የሙያው ግማሽ ነው፤ ሺህ አንሥቶ ሺሁን የሚያስረክብ ሰው ካሜራ ነካ እንጂ ሥራውን አልጨረሰም። ደንበኛው ማሳተም አይፈልግም ለሚለውም፥ ደንበኛው የማይፈልገው ጥቅሙን የሚነግረው ስላጣ ነው፤ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ያን ቀን ያ ባለሙያ፥ «ከነዚህ ውስጥ ዐሥር ካላሳተማችሁ አላስረክብም» ቢለኝ ኖሮ፥ ለጊዜው ባጕረመርም እንኳ ዛሬ ዕድሜ ይስጥህ እለው ነበር።

ስለዚህ የምንለውን በግልጥ እንናገር።

ፎቶግራፍ አንሺው ከሚያስረክበው ሥዕል ውስጥ የተመረጡት ዐሥር እንኳ ታትመው እንዲሰጡ ዋጋውን በውሉ ውስጥ ያግባ። የቀረውንም በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጦ በሁለት ቤት ያስቀምጥ፤ ስም፥ ቀንና ቦታ ይጻፍለት፤ ስንት ዓመት እንደሚጠብቀውም ለደንበኛው አስቀድሞ ይንገር። ሳይነግር መደምሰስ በሙያው ዘንድ ነውር ይሁን።

ቤተ ሰብ ያሳተመውን ሥዕል ከብርሃንና ከእርጥበት ያርቅ፤ ሙጫ ባለበት አልበም አይለጥፍ፤ በጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ስምና ዘመን ይጻፍበት። ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከሁለት ትውልድ በኋላ የማንም አይደለም።

ካህናት አባቶቻችን የጥምቀትና የተክሊል መዝገብ ይይዛሉ። በዚያ መዝገብ አጠገብ አንድ አንድ የታተመ ሥዕል በፖስታ አድርጎ ለማኖር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ዕቃ ቤት አለን፥ ቍልፍ አለን፥ ጠባቂ አለን፤ የጐደለን ሐሳቡ ነው።

የክልሉ የባህል መሥሪያ ቤትና የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም የሚዘጉትን ፎቶ ቤቶች ኔጋቲቭና መዝገብ፥ በባለቤቶቹ ፈቃድና በተመጣጠነ ዋጋ፥ ይሰብስቡ። በነጭ ብርሃን ላይ የተዘረጋን ኔጋቲቭ ለመቅዳት ያው የተወቀሰው ዲጂታል ካሜራ ይበቃል፤ ከተቀዳም በኋላ ኔጋቲቩ አይጣል። ሥዕሎቹም የሰዎች ስለ ሆኑ ባለቤቶቹ ወይም ወራሾቻቸው ሳይፈቅዱ ለሕዝብ አይታዩ። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ካርቶኑ ወደ ቈሻሻ ቢጣል፥ በውጭ አገር ስላሉት ቅርሶቻችን የምንጮኸው ጩኸት ምን ዋጋ ይኖረዋል? የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ የዘረፈውን ሰው ተረታችን ይዘልፈዋል፤ ማንም ሳይዘርፈው የአባቱን ቤት በገዛ እጁ የሚጥለውንስ ምን እንበለው?

ያ ሽማግሌ ሲሰናበቱኝ፥ «መምህር፥ የሚወስደው ቢገኝ መዝገቡን እያነበብሁ ማን ማን እንደ ሆነ እነግረው ነበር» ብለውኛል። ቍጥሩና ስሙ በመዝገብ ቢጻፍም ዘመዱን፥ ሰፈሩንና ታሪኩን የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ይህ ጽሑፍ ከሚነበብበት ሳምንት ጀምሮ ከአሶሳ ካህናትና ከከተማው ምሁራን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ደብተር ይዘው ወደ እርሳቸው ቢሄዱ፥ ከአንድ ክረምት ያነሰ ሥራ ነው። ሌላው ክረምት ግን በዚያ ቆርቆሮ ሥር ሊያልፍበት አይገባም።

እግዚአብሔር ማስተዋሉን ከትጋት ጋራ ይስጠን።